ባሱ እንዳይፈስ

ወረታ ውስጥ ቢሻውን የማያውቅ የለም ብል ማጋነን ይሆንብኛል። የማያውቁት አሉ፤ እነሱም ቢሆኑ ግን ሰምተውታል። ከደብረ ታቦር መገንጠያ ወረድ ብሎ፣ ባጃጆች ተራ ከሚይዙበት ጀርባ ያለችው ጠባብ ሱቅ የእሱ ናት። ዘፈንና መዝሙር በፍላሽ ይጭናል፣ የሠርግ ቪዲዮ ያቀናብራል፣ የሞተ ስልክ ይቀሰቅሳል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ መሠረት እባላለሁ። የእሱን ሱቅ ከእኔ የሚለየው አንድ ቺፑድ ነው። ቺፑድ ሰው እንዳያይ ይከለክላል እንጂ ባስ አይከለክልም።

ጎረቤቴ ሆኖ በመጣ ሰሞን ሁለት ትልልቅ ስፒከሮች ነበሩት። ጠዋት በሩ ላይ ያቆማቸውና ይከፍታቸዋል። ያኔ መቀሴ ከጠረጴዛው መሀል ተነሥቶ ወደ ጫፍ ጉዞ ይጀምራል። ቀጥ አድርጌ የያዝኩት ስፌት ዘፈኑ ሞቅ ሲል ይዛነፋል። የአንድ መምህር ሱሪ አንዱ እግሩ ጠበብ፣ አንዱ ሰፋ ብሎ ወጣ፤ ጥፋቱ የእኔ ሳይሆን የጎረቤቴ መሆኑን አስረዳሁት። መምህሩ ግድግዳውን አይቶ፣ ሱሪውን አይቶ፣ ሌላ ሰፊ ዘንድ ሄደ።

ቢሻው ዘንድ ሄጄ ድምፁን እንዲቀንስልኝ ነገርኩት።

«ድምፁ እኮ ዝቅ ያለ ነው እትየ መሠረት» አለኝ፤ በዕድሜ ስለምበልጠው እትየ ይለኛል። «ይኼ የምትሰሚው ከሥር የሚያጓራው ባስ ነው።»

ለእሱ ድምፅና ባስ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ድምፅ በጆሮ ይገባል፤ ባስ በሆድ። ባስ የሌለው ዘፈን ጨው የሌለው ሽሮ ነው፤ ይበላል፣ ግን ሰው አይጋበዝበትም። ይህን ሁሉ በትሕትና ካስረዳኝ በኋላ ስፒከሩን ትንሽ ወደ እኔ በር አዞረው፤ በደንብ እንድረዳው ይመስለኛል።

በመጨረሻ ሽማግሌ ተቀመጠ። በእኔና በባስ መካከል ማለት ነው። ባለ ዳቦ ቤቱ፣ የመድኃኒት ቤቱ ሰውየና የቤቱ አከራይ ተሰብስበው ግራ ቀኙን ሰሙ። ፍርዱ አጭር ነበር፤ ስፒከሮቹ ወደ ውስጥ ይግቡ፣ ዘፈን መርጦ የሚያስጭን ሰው በሄድፎን ይስማ፣ ቢሻውም ባሱን በገዛ ጆሮው ይያዝ። ተሳስመን ታረቅን። ቢሻው ግን ፊቱ ለብዙ ቀን የለቅሶ ቤት ፊት ነበር። ሄድፎን ባስ የለውም ባይ ነው። ኋላ አንድ ጠዋት ቺፑዱን ቆርቆር አድርጎ «ባሱ እንኳ አለ፤ የጠፋው መንገዱ ነው» አለኝ። ከዚያች ጠዋት ጀምሮ ሰውየው መንገድ ፈላጊ ሆነ።

አመሉ የልጅነት ነው። አባቱ ርብ ወንዝ ዳር ሩዝ የሚያመርቱ ገበሬ ናቸው። በቤታቸው አንዲት ራዲዮ ነበረች፤ ድምፅዋ የትንኝ ነበር ይላል። አንድ ቀን አንገቷን በገመድ አስሮ ጋን ውስጥ ቢያወርዳት ዜና አንባቢው በአንድ ጊዜ ጎልማሳ ሆነ። ጎረቤት ሳይቀር መጥቶ ሰማ። ጋኑ ውስጥ ግን እናቱ ለማኅበር የጠነሰሱት ጠላ ነበረበት፤ ገመዱ ላላ፤ ራዲዮዋ ዜናው ሳያልቅ ሰጠመች። አባቱ ገረፉት፣ እናቱ ገረፉት፣ ማኅበርተኞቹም ሊገርፉት ፈልገው ነበር። እሱ ይህን ሲያወራ የሚቆጨው ግርፊያው አይደለም። «እንደዚያ ያለ ባስ ከዚያ ወዲህ አልሰማሁም» ነው የሚለው።

መንገድ ፍለጋው መጀመሪያ የወሰደው ከኮምፒውተሩ ፊት ወዳለችው ቀዳዳ ነው። ሰው ሁሉ ሄድፎኑን እዚያች ላይ ይሰካል፤ ለእጅ ትቀርባለችና። ቢሻው ድምፁ እዚያ ድረስ በቀጭን ሽቦ ተጉዞ ደክሞ ነው የሚደርሰው አለ። ከጀርባ ባለችው ቢሰካ፣ እውነትም ከድምፁ ኋላ የሚሰማው የነፋስ ዓይነት ሽውታ ቀነሰ። ቀጥሎ ከድምፁ ማስተካከያ ጋር ተጋፈጠ። ስክሪኑ ላይ ተደርድረው ወደ ላይ ወደ ታች የሚገፉ ዘንጎች አሉ፤ የግራዎቹ የባስ ናቸው። የከተማው ወጣት በሙሉ የግራዎቹን እስከ ጣሪያ ይሰቅላል፣ ባሱን አጉላ ማለት በሆነው ባስ ቡስት ላይ ምልክት ያደርጋል፣ ከዚያ ድምፁ እንደ አሮጌ ጆንያ ይተረተራል። ቢሻው የግራዎቹን ባሉበት ትቶ ሌሎቹን ዝቅ አደረጋቸው። ከዚያ በኋላ የጎደለውን ጩኸት በድምፅ መጨመሪያው መለሰው።

«አጭር ሰው ረጅም እንዲመስል ከፈለግሽ ወንበር ላይ አታቁሚው፤ ይወድቃል» አለኝ። «ረጃጅሞቹን ቁጭ በሉ በያቸው።»

ከዚያ ባሕር ዳር ሄዶ አንድ ያገለገለች ሳውንድ ካርድ ገዛ። ከኮምፒውተሩ ጋር ከተሠራችው የተሻለች፣ ለብቻዋ የምትገጠም ናት አለ። በሚኒባስ ጭኑ ላይ አድርጎ፣ በጋቢ ጠቅልሎ ነው ያመጣት፤ ሐሙሲት ላይ አንዲት ሴትዮ ሕፃኑ ስንት ወር ሆነው ብለው ጠይቀውታል። ኮምፒውተሩ ካርዷን አላውቃትም ብሎ ሰንብቶ ነበር፤ ተለምኖ አወቃት። ባሱ ግን አሁንም ቢሻው እንደሚፈልገው አልሆነም። ሄድፎኑን አድርጎ ቆዳ እንደሚመረምር ነጋዴ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ይከፍታል። አንድ ቀን ሄድፎኑን በሁለት እጁ ጆሮው ላይ ጫን አደረገውና ብድግ አለ።

«ይፈሳል!» አለ። «እትየ፣ ባሱ ይፈሳል!»

ጆሮ ላይ የሚቀመጡት ትራሶች አልቀው፣ ስፖንጃቸው ተቦጫጭቆ ነበር። በመካከላቸው አየር ከገባ ባሱ በዚያ ይወጣል፤ የቀረው ድምፅ ይቀራል። ሳውንድ ካርድ ተቀየረ፣ ዘንግ ተገፋ፣ ይህ ሁሉ ዘመን ውኃው በቀዳዳ እንስራ ሲቀዳ ኖሯል ማለት ነው። እንግዲህ ሥራው ወደ እኔ መጣ። በከፋይ ጨርቅ ሰፋሁለት፤ ፈሰሰ። ከአሮጌ ጃኬት ቆዳ ቆርጬ ሰፋሁለት፤ ጆሮው ቀላ እንጂ አልያዘም። በመጨረሻ ከበሮ በቆዳ ከሚለጉም ሰው የለሰለሰ የበግ ቆዳ ለምኖ አመጣ። የፍራሽ ስፖንጅ ሞልቼ፣ ስፌቱን ወደ ውስጥ ደብቄ ሰጠሁት። አደረገው። አውልቆ በእኔ ጆሮ ላይ አደረገው።

ያን ጊዜ ነው ሽማግሌ እስኪቀመጥ ድረስ ለምን እንደተከራከረኝ የገባኝ። በሆድ ነው የሚገባው፤ እውነቱን ነው። ደስ አለኝ፤ ደስ እንዳለኝ ግን ያን ዕለት አልነገርኩትም፤ ስለ መቀሴ ገና ይቅር አላልኩትም ነበር።

ከዚያ በኋላ ባጃጅ ነጂዎች ሰው እየጠበቃቸው ቢሻው ቤት ሄድፎን አድርገው ዓይናቸውን ጨፍነው ይገኙ ጀመር። ስሙ እስከ ወንዛዬ ፍል ውኃ ድረስ ሄደ፤ በየስልኩ የተደበቀ ድምፅ የሚያወጣ ሰው ወረታ አለ ተባለ። ወይዘሮ ባየችን ያመጣቸው ይኸው ወሬ ነው።

እትየ ባየች የመጡት በታኅሣሥ፣ በገበያ ቀን ነው። ከርብ ማዶ ካለ የሜዳ ሰፈር ነው ቤታቸው። ባላቸው መሪጌታ የኔነህ ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ነው ያረፉት። መሪጌታን እኔም በወሬ አውቃቸዋለሁ፤ ከበሮ ሲይዙ የሚለይ እጅ አላቸው የሚባሉ፣ የጥምቀት ዕለት ሰው ታቦቱን ሸኝቶ ሲያበቃ የእሳቸውን ከበሮ ተከትሎ የሚቀርላቸው ሰው ነበሩ። እትየ ባየች ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈተው ትንሽ ስልክ አወጡ። አማቻቸው ቻላቸው አንድ ጊዜ ማኅሌት ላይ መሪጌታን በስልኩ ቀድቷቸው ነበር፤ ለሥራ ወደ መተማ ሲሄድ ቅጂውን በዚህች ስልክ ጭኖ ለእትየ ባየች ትቶላቸው ሄደ። እሱ አሁን ስልኩ አይነሣም።

«ድምጣቸው አለ» አሉ። «ከበሮው የለም።»

ቢሻው በስልኩ ሰማው። ቀጭን የወንዶች ዜማ፣ መሀል ላይ የአንድ አዛውንት ወፍራም ድምፅ፤ ከበሮ የለም። ፈገግ አለ። ሐኪም የሚያውቀው በሽታ ሲመጣለት እንደዚያ ነው የሚያደርገው።

«ስልክ እኮ ባስ አያሰማም እትየ ባየች። ከበሮ ደግሞ ባስ ነው። ያለ ነገር አይጠፋም፤ እኔ አወጣልዎታለሁ።»

«የሙት ዓመታቸው በጥር መጨረሻ ነው» አሉ። ከዚያ ስልኩን መልሰው ሊቋጥሩት ጀመሩና ተዉት። «እየረሳሁት ነው ልጀ። ፊታቸው አለ። ድምጣቸውን ይኸው ይኼ ይዞልኛል። እጃቸው ግን እየጠፋኝ ነው። ቀን ሥራ ስሠራ በሐሳቤ ልመታው እሞክራለሁ፤ የሌላ ሰው ይሆንብኛል። አንዴ ልስማውና ከዚያ ወዲያ አላስቸግርህም።»

ቢሻው ያን ጊዜ ፈገግታውን ሰበሰበ። የተናገረው ቃል ከአፉ ወጥቷል።

ሥራውን ጀመረ። ቅጂውን ወደ ኮምፒውተር አስገባ፣ በካርዷ አሳለፈ፣ የበግ ቆዳውን ሄድፎን አደረገ። ከበሮ የለም። የቀኙን ዘንጎች ዝቅ አደረገ። የለም። ባስ ቡስት የሚለውን፣ ለዓመታት ሲያወግዘው የኖረውን፣ ምልክት አደረገበት፤ እኔ ስገባ በእጁ ሸፈነው። የለም። ትራሶቹን እንደገና ሰፍቼለት ነበር፤ ባሱ በዚያ አልፈሰሰም። የሚፈስ ነገር አልነበረም። ምግብ ዘጋው። ዘፈን ሊያስጭን የመጣውን ሰው ነገ ና ይለዋል። እኔ ደግሞ ተው ያላልኩት አንድ ነገር አንጀቴን ስለሚበላው ነው፤ ሴትዮዋ በየገበያው ቀን መጥተው ሱቁ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ፣ አይጠይቁም፣ ይሄዳሉ።

ከዚያ አንድ ከሰዓት ቺፑዱ በቡጢ ተደበደበ። ገባሁ። ሄድፎኑን ጆሮዬ ላይ ጫነው።

«ስሚ። ከሥር።»

ሰማሁ። ከዜማው ሥር አልፎ አልፎ ዱብ የሚል ነገር አለ። ከሩቅ ሰው ጆንያ ሲያወርድ ይመስላል።

«እሱ ነው» አለ ቢሻው። «ከበሮው እሱ ነው። ስልኩ ሥጋውን በልቶ አጥንቱን ትቶታል።»

አጥንቱን ቢያጎላው ጆንያው ከበደ እንጂ ከበሮ አልሆነም። ስለዚህ ሥጋውን ከሌላ ቦታ ሊያመጣለት አሰበ። ያን ሰሞን ጥምቀትን በቪዲዮ ቀርጾ ነበር፤ ጥሩ ከበሮ፣ ጥርት ያለ። ከእሱ ላይ አንድ አንድ ምት እየቆረጠ፣ ዱብ በሚለው በእያንዳንዱ ላይ አነጠፈው። ይህን ሲያደርግ ያታልል አልመሰለውም። እኔም አልመሰለኝም። ቀሚስ ጉልበቱ ላይ ሲቀደድ እራፊ ትጥፍበታለህ፤ ቀሚሱ ያው ቀሚሱ ነው። ሲጨርስ አሰማኝ። መሪጌታ ዜማውን ይዘው ከሥር ከበሮው ሲገባ ጠጉሬ ቆመ። ለመጀመሪያ ጊዜ አፍ አውጥቼ አመሰገንኩት።

የሙት ዓመቱ ዕለት ቢሻው ፍላሽ ይዞ አልሄደም። ያ ባስ በዚያች ካርድና በዚያ ሄድፎን ካልሆነ በምንም አይሰማም ብሎ ኮምፒውተሩን እንዳለ፣ ስክሪኑን፣ የተከራየውን ጀነሬተር ጭኖ ሄደ። እኔ ከጎኑ ሆኜ፣ እሱ ሳውንድ ካርዷ የምትወድቅ እየመሰለው እየተነጫነጨ፣ እስከ አስፓልቱ ጫፍ በባጃጅ፣ ከዚያ በፈረስ ጋሪ። ሜዳው ሩዙ ታጭዶለት ጭድ ብቻ ነበር፤ የፎገራ ላሞች ቃርሚያ ይለቅማሉ። ጋሪው በዘለለ ቁጥር ቢሻው ኮምፒውተሩን ያቅፋል።

ዳሱ ሞልቷል። ፍትሐቱ አልቆ ማዕድ እስኪቀርብ ነው የኛ ተራ። ጀነሬተሩ የሚያጓራው ራሱ በባስ ስለሆነ ቢሻው ከጭዱ ክምር ጀርባ አስወስዶ ገመድ አስዘረጋለት። ኮምፒውተሩ መደብ ላይ ተቀመጠ። እትየ ባየች መጀመሪያ ካህናቱ ይስሙልኝ አሉ። ካህናቱ ደግሞ ጥምጥም አላቸው። ጥምጥም ጆሮ ይሸፍናል።

«አባ፣ ጥምጥምዎን ትንሽ ከፍ ያድርጉልኝ» አለ ቢሻው፤ «ባሱ እንዳይፈስ።»

የመጀመሪያው ቄስ ጥምጥማቸውን በአንድ እጃቸው ከፍ አድርገው ሰሙ። ፊታቸው ላይ ምንም አልታየም። አውልቀው ለሚቀጥሉት ሰጡ። እሳቸውም ከፍ አድርገው ሰሙ፣ ወደ መጀመሪያው ቄስ አዩ፣ አስተላለፉ። ሦስተኛው ገና አድርገውት አነሡት። ቢሻው ይህን ዝምታ አድናቆት ነው ብሎ ወሰደው፤ እሱም እኔን ዓይን ዓይኔን እያየ ቀስ ብሎ ራሱን ነቀነቀልኝ። ቀጥሎ የኔታ ሰውመሆን ናቸው፤ ከመሪጌታ የኔነህ ጋር ዕድሜያቸውን ሙሉ አንድ ማኅሌት የቆሙ ሰው። ረጅም ጊዜ ሰሙ። ከዚያ ሄድፎኑን አንገታቸው ላይ አወረዱት።

«ልጀ፣ ይህን ከበሮ ማን ነው የመታው?»

«መሪጌታ ናቸዋ፣ የኔታ።»

«መቼ ነው የመታው?»

ቢሻው ስክሪኑን አየ።

«ይህ ዜማ የጾመ ድጓ ነው» አሉ የኔታ። «የኔነህ በሁዳዴ ከበሮ መታ ነው የምትለን?»

በሁዳዴ ከበሮም ጸናጽልም እንደማይነካ፣ በመቋሚያ ብቻ እንደሚዘመም፣ ይህን ሕፃንም ያውቀዋል። እኔ አውቃለሁ። ቢሻው ያውቃል። ያላወቅነው ቻላቸው የቀዳው የጾም ማኅሌት መሆኑን ነው፤ ከግዕዙ አሜን ከሚለው በቀር ሁለታችንም የያዝነው የለም፣ ማኅሌት ሲቆም ደግሞ ቢሻው ተኝቷል። ሰውየው ይህን ሁሉ ሰሞን ያልተመታ ከበሮ ሲፈልግ ነው የከረመው። ባጣው ጊዜ ደግሞ ፈጠረው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሉት እንዲህ ያለው ነው፤ የጣለው ደግሞ የሰው ስም ነው። የኔታ ጥያቄያቸውን ሳይጨርሱ ወሬው በዳሱ ጫፍ ካሉት ዘንድ ደርሷል፤ መሪጌታ በሁዳዴ ከበሮ መትተዋል አሉ፣ ተቀድቶ ተገኘ አሉ። በሙት ዓመታቸው፣ በገዛ ቤታቸው።

ቢሻው ብድግ አለ።

«እኔ ነኝ የኔታ» አለ፤ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ አድርጎ። «እሳቸው አልመቱም። ከጥምቀት ወስጄ እኔ ነኝ የቀጠልኩበት።»

የኔታ ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ጥምቀትን ሁዳዴ ላይ» አሉ። «በመካከል እኮ ነነዌ አለ ልጀ።»

አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ዳሱ ሳቀ፤ የመሪጌታ ስም በዚያው ዳነ። ያልሳቁት እትየ ባየች ናቸው። ሰው ገለል እያሉ መጡና ቢሻው ፊት ቆሙ።

«እንግዲያ ከበሮው የእሳቸው አይዶለም?»

«አይደለም እትየ።»

«ሌላ ቅጂስ?»

«ይኼው ነው ያለው።»

«እንግዲያ ጠፋ» አሉና መደቡ ላይ ተቀመጡ። አላለቀሱም፣ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለን ነበር። ቢሻው ሲሸማቀቅ ሳየው አዘንኩለት፣ እኔም ስላመሰገንኩት አፈርኩ፤ ሁለታችን ጋሪው ሳይመጣ የምንገባበት ቢኖር ያን ጊዜ በገባን።

የሚያደርገውን ያጣ ሰው የለመደውን ያደርጋል። ቢሻው ወደ ኮምፒውተሩ ዞረና ያነጠፈውን ከበሮ አንድ በአንድ አነሣው። ባስ ቡስት የሚለውን ምልክት አጠፋው። ዘንጎቹን ሁሉ ወደ መካከል መልሶ አስተካከላቸው። በኖርንበት ዘመን ያን ማስተካከያ ሜዳ ሆኖ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው።

«ድምፃቸውን ብቻ ይስሙ እትየ» አለ ዝቅ ብሎ። «ምንም ያልተነካውን።»

ነጠላቸውን ከጆሯቸው ገለጥ አድርጎ ሄድፎኑን አደረገላቸው። የበግ ቆዳው በደንብ ተቀመጠ። እትየ ባየች መሬት መሬት እያዩ ሰሙ። ከዚያ ቀና አሉ።

«ከሥር የሚወድቀው ምንድን ነው?»

ቢሻው አፈረ። «እሱ ነው እትየ፣ ከበሮ መስሎኝ የነበረው። ጫጫታ ነው። ላጥፋው?»

«ተው» አሉ። እጃቸውን አነሡ። «ብዙ ሆኖ ይወርዳል። ከዚያ ደግሞ አንድ ብቻውን ይወርዳል።»

ሄድፎኑን አውልቀው ለየኔታ ሰጡ። የኔታ ማንም ሳይነግራቸው ጥምጥማቸውን ከፍ አድርገው ሰሙ።

«መቋሚያ ነው» አሉ። «መሬት ሲነካ ነው።»

«የኋለኛዋስ?»

የኔታ ሄድፎኑን አወለቁ። «የኋለኛዋ የእሱ ናት። ትከሻውን ካመመው ወዲህ ከእኛ ጋር እኩል ማውረድ አልሆነለትም። ከእኛ ኋላ ነው የምትወርድ።» ሄድፎኑን በሁለት እጃቸው መለሱላቸው። «እኛም እሱ እስኪያወርድ እንጠብቀው ነበር፣ ባየች።»

እትየ ባየች መልሰው አደረጉት። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቢሻው ድምፁን ትንሽ ከፍ አደረገላቸው እንጂ ሌላ ምንም አልነካም። እኔ ከኋላው ቆሜ ስክሪኑን አያለሁ። ድምፁ እዚያ እንደ ኮረብታ ሆኖ ይታያል፤ ትልቁ ያልፋል፣ ከእሱ ቀጥላ ትንሿ ትመጣለች። እትየ ባየች በቀኝ መዳፋቸው ጉልበታቸውን ይመቱ ጀመር። ትልቁ ሲያልፍ እጃቸው አልወረደም። ትንሿ ስትመጣ ወረደ። ደግሞ ትልቁ አለፈ፣ ትንሿ መጣች፣ ወረደ። አንድ ጊዜ እንኳ አልሳቱም። እኔ አለቀስኩ። ቢሻው ጀርባውን ስለሰጠኝ የእሱን አላየሁም።

ማዕዱ ቀርቦ ነበር። አስተናጋጆቹ ግቡ፣ ተቀመጡ ይላሉ። የኔታ ሰውመሆን ግን መቋሚያቸውን ተደግፈው እትየ ባየች አጠገብ ቆሙ፤ እሳቸው ስለቆሙ ሌሎቹ ካህናት ቆሙ፤ ካህናቱ ስለቆሙ በዳሱ ውስጥ ማንም አልተቀመጠም። እትየ ባየች እስኪጨርሱ ጠበቅናቸው።